ቤታችሁ ሊፈተሽ ነው? እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ባለፈው ሳምንት አንድ ቤት ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። አንዲት ወጣት ከፈተችልኝ። «ለቤቱ ፍተሻ ነው» አልኳት። «እሺ፣ ግባ» ብላኝ ወደ ውስጥ ተመለሰች። ስሜን አልጠየቀችኝም። ማን እንደላከኝም አልጠየቀችኝም። መታወቂያዬን አውጥቼ ይዤው ነበር፤ ቀና ብላ እንኳን አላየችውም። ቤት ውስጥ ብቻዋን ነበረች።

ሥራዬ ቤት መፈተሽ ነው። አከራይ ቤቱን ሊሸጥ፣ ሊያድስ ወይም ኢንሹራንስ ሊያስገባ ሲያስብ ይጠራኛል። ጣሪያውን፣ ቧንቧውን፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን፣ እርጥበቱን አያለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ። ግን የምገባው ሰው የሚኖርበት ቤት ነው። ተከራዮች ያንኑ ስህተት ሲደጋግሙት ስንት ጊዜ አይቼ አልፌያለሁ። ያቺን ልጅ ካየሁ በኋላ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

«ፍተሻ» የሚለው ቃል ራሱ ሰውን ያስደነግጣል። ሲሰሙት ፖሊስ የመጣ ይመስላቸዋል። ፖሊስ የሚፈትሸው ሰው ደግሞ እጁን ያነሳል እንጂ ጥያቄ አያነሳም። እኔ የመጣሁት ቤቱን ለማየት ነው። ቁም ሳጥናችሁን፣ ደብዳቤያችሁን፣ ኑሯችሁን የማየት ሥልጣን የለኝም።

ማንነቱን ሳይጠይቁ በር መክፈት

የእጅ ባትሪና መሰላል የያዘ ሰው ሁሉ ባለሙያ አይደለም። ከቀጠሮው በፊት የሚመጣውን ሰው ስም፣ የሚሠራበትን ድርጅትና ስልኩን ከአከራዩ ተቀበሉ። በር ላይ ሲደርስ መታወቂያውን እዩ። ከተጠራጠራችሁ ለአከራዩ ደውሉ፤ የምትደውሉት ግን እናንተ ዘንድ ባለው ቁጥር ይሁን። ሰውዬው «ይኸው፣ እሱን አናግሪው» ብሎ የራሱን ስልክ ቢዘረጋላችሁ አትቀበሉት። በዚያኛው ጫፍ ማን እንዳለ አታውቁም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል።

ሰው ደጅ ማቆም ነውር የሚመስላቸው አሉ። ይገባኛል። እኔ ግን ለጥየቃ አልመጣሁም፤ ለሥራ ነው የመጣሁት። አምስት ደቂቃ ብታቆሙኝ አይከፋኝም፤ እንዲያውም ደስ ይለኛል። የሚቆጣ ካጋጠማችሁ በሩን ዝጉና አከራዩን ሌላ ቀጠሮ ጠይቁ።

«ዛሬ ከሰዓት እንመጣለን» ሲባሉ እሺ ማለት

አንድ ልጅ ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ገና መተኛቱ ነበር። አከራዩ ጠዋት ደውሎ «ለአሥር ደቂቃ ብቅ ብለን እንሄዳለን» ይለዋል። እኔ ግን የተጠራሁት ለሽያጭ ለሚደረግ ሙሉ ፍተሻ ነው። እንዲህ ያለው ፍተሻ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይፈጃል። ልጁ ያን ሁሉ ሰዓት ዓይኑ ቀልቶ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዋለ። በኋላ ሳስበው የኔም ጥፋት ነው። ገና በር ላይ «ስንት ሰዓት እንደምንቆይ ተነግሮሃል?» ማለት ነበረብኝ።

አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ የአከራይ ቸርነት አይደለም። በብዙ አገር ሕግ ነው። እንግሊዝ ውስጥ አከራይ ቤቱ ያለበትን ሁኔታ ሊያይ ሲፈልግ ቢያንስ 24 ሰዓት ቀድሞ በጽሑፍ ያሳውቃል። በካናዳዋ ኦንታሪዮም 24 ሰዓት ነው፤ ጽሑፉ ላይ ምክንያቱ፣ ቀኑና ሰዓቱ መኖር አለበት፤ መግባት የሚቻለውም ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። በአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ ለመደበኛ ፍተሻ 7 ቀን ቀድሞ ማሳወቅ ግድ ነው፤ በ12 ወር ውስጥም ከ4 ጊዜ በላይ አይፈቀድም። የካሊፎርኒያ ሕግ ደግሞ አከራይ ወደ ቤቱ የመግባት መብቱን ተከራይን ለማስጨነቂያ እንዳያደርገው በግልጽ ይከለክላል። እናንተ ያላችሁበት አገር ሕግ ምን እንደሚል እዩ፤ ውላችሁንም አውጥታችሁ አንብቡ።

ውሉ ስለዚህ ጉዳይ ምንም ካላለ ራሳችሁ ጠይቁ። ምን ዓይነት ፍተሻ ነው? ስንት ሰው ይመጣል? ስንት ሰዓት ይፈጃል? የትኞቹ ክፍሎች ይታያሉ? ፎቶ ይነሳል ወይ? መልሱ በመልዕክት ይምጣላችሁ። በቃል የተነገረ ነገር በኋላ «እንዲያ አላልኩም» ይባላል።

ፎቶውን እንደ ቀላል ነገር ማየት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በዚህ ሥራ ብዙ ሰው ሲጎዳ ያየሁት በፎቶ ነው። ተከራዮች ደግሞ ከሁሉም የሚንቁት ይህንኑ ነው።

በነገራችን ላይ፣ የሙቀት ካሜራ ይዘን ስንመጣ የሚደነግጡ አሉ። ያ ካሜራ የሚያሳየው የግድግዳውን የላይኛ ገጽ ሙቀት ነው። ግድግዳ አልፎ ሰው አያይም። እሱን ተዉትና ኪሴ ውስጥ ያለውን ስልክ ፍሩ።

ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት ነው። አንዲት እናት ቤት መኝታ ክፍሉ ጥግ ላይ እርጥበት አየሁና ፎቶ አነሳሁ። ከጥጉ አጠገብ ኮመዲኖ ነበር፤ ኮመዲኖው ላይ ደግሞ የመድኃኒት ዕቃ። ስሙ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። እኔ አላየሁትም፤ ዓይኔ እርጥበቱ ላይ ነበር። ሪፖርቱን ለአከራዩ ላክሁ። አከራዩ ፎቶውን አጉልቶ አየው፤ የመድኃኒቱን ስም ኢንተርኔት ላይ ፈለገ፤ ከዚያም ሴትየዋን ስለ በሽታቸው ጠየቃቸው። ለልጆቻቸው እንኳን ያልነገሩት ጉዳይ ነበር። ደወሉልኝ። አልጮኹብኝም። «ልጄ፣ ግድግዳውን ነበር እኮ ያሳየሁህ» አሉኝ።

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። የተላከ ፎቶ ግን አይመለስም። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

የፍተሻ ፎቶ እኔ ዘንድ አይቀመጥም። ከእኔ ወደ አከራዩ ይሄዳል። ከአከራዩ ወደ ደላላው፣ ከደላላው ወደ ገዢው፣ ከገዢው ወደ ባንኩ። አንዳንዱ የሽያጭ ማስታወቂያ ላይ ወጥቶ ማንም ያየዋል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የልጃችሁ ፎቶ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሰበት ከሆነ፣ ልጁ የት እንደሚማር ለማያውቁት ሰው ነገራችሁ ማለት ነው። ፍሪጁ ላይ የለጠፋችሁት የቀን መቁጠሪያ መቼ ቤት እንደማትኖሩ ይናገራል። ራውተሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የዋይፋያችሁን የይለፍ ቃል ይዟል። የስልክ ፎቶ ደግሞ የተነሳበትን ቦታ ጭምር መዝግቦ ሊይዝ ይችላል።

ስለ ቁልፍ ስነግራቸው ብዙዎች አያምኑኝም። በ2008 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ያሉ የኮምፒውተር ተመራማሪዎች ከፎቶ ብቻ ተነስተው የሚሠራ ቁልፍ መቅረጽ እንደሚቻል አሳይተዋል። አንዱን ፎቶ ያነሱት ከ195 ጫማ ርቀት፣ ማለትም ከ60 ሜትር ገደማ ነው። እናንተ ደግሞ ቁልፋችሁን በር አጠገብ ምስማር ላይ ሰቅላችሁ፣ እኔ የበሩን መቃን አንድ ሜትር ላይ ቆሜ አነሳለሁ። ቁልፉን ከዚያ አንሱት። ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱት።

ፎቶ አይነሳ እያልኩ አይደለም። ጉዳቱን ካላሳየሁ አከራዩ ላያምነኝ ይችላል፤ ሳይጠገን ሲቀር ደግሞ የምትቸገሩት እናንተው ናችሁ። የምላችሁ ተናገሩ ነው። «ግድግዳውን አንሳ፣ ዕቃዬ ግን አይግባ። ያነሳኸውን አሳየኝ» በሉ። ይህን ማለት መብታችሁ ነው። ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ ለምሳሌ የተከራይ ዕቃ የሚታይበትን ፎቶ ያለ ተከራዩ የጽሑፍ ፈቃድ ይፋ ማውጣት በሕግ የተከለከለ ነው። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበትም ቢሆን፣ ደህና ባለሙያ ዕቃውን ዘወር አድርጋችሁ እስክትመለሱ ይጠብቃችኋል።

አድራሻዋን ከሚያስፈራራት ሰው ደብቃ የምትኖር ሴት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ናት። እህቴ፣ ይህን የምታነቢ ከሆነ፣ ከቀጠሮው በፊት ለአከራዩ በጽሑፍ ንገሪው። ስምሽ ሪፖርቱ ላይ እንዳይገባ፣ የውስጥ ፎቶ ማስታወቂያ ላይ እንዳይወጣ ጠይቂ። ምክንያቱን መዘርዘር የለብሽም። «የደህንነት ጉዳይ ነው» ማለት ይበቃል። በቀጠሮው ቀን የምታምኚው ሰው አብሮሽ ይሁን።

ሁሉንም ነገር ጠረጴዛ ላይ ትቶ መሄድ

ፓስፖርት፣ የባንክ ወረቀት፣ ጌጣጌጥ፣ መድኃኒት፣ ክፍት ላፕቶፕ። አንድ መሳቢያ ውስጥ ከታችሁ ቆልፉ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

መምጣት የማያስፈልጋቸውን ሰዎች ማስገባት

እኔ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ገዢው ከነቤተሰቡ መኝታ ቤታችሁ ውስጥ ሲንሸራሸር አይቻለሁ። አንዷ የተከራይዋን ቁም ሳጥን ከፍታ ልብሱን ስትነካካ ደርሼባታለሁ። ስንት ሰው እንደሚመጣ አስቀድማችሁ ጠይቁ ያልኩት ለዚህ ነው። የመጡት ሁሉ አንድ ላይ ይንቀሳቀሱ። እናንተ ካልቻላችሁ ጓደኛ ጥሩ፤ አንዱ ከባለሙያው ጋር፣ ሌላው ከቀሩት ጋር።

ልጅን ብቻውን ቤት ትቶ «ሲመጡ ክፈትላቸው» ማለት

በፍጹም። እኔ ሕፃን በር ከከፈተልኝ አልገባም፤ ቀጠሮውን አዛውራለሁ።

ውሻ

እሰሩት፣ ወይም ይዛችሁት ውጡ። «አይናከስም» የሚባለው ሁሉ እኔን ከማየቱ በፊት ነው።

ጭራሽ መከልከል

ከላይ ያልኩትን ሁሉ ሰምቶ «እንግዲያው ማንም አይገባም!» የሚል ይኖራል። ይህም ስህተት ነው። የተበላሸ የኤሌክትሪክ መስመር ወይም የሚያፈስ የጋዝ ቱቦ መጀመሪያ የሚጎዳው ውስጥ ያለውን ሰው ነው። በአግባቡ አሳውቆ የመጣን አከራይ ያለ ምክንያት መከልከል በብዙ አገር ውል ማፍረስ ሊባል ይችላል። ቀኑ ካልተመቻችሁ ሌላ ቀን አቅርቡ፤ ሁለት አማራጭ ብትሰጡ ደግሞ የተሻለ ነው። እሳት ሲነሳ፣ ቧንቧ ፈንድቶ ቤቱን ሲያጥለቀልቅ ወይም ጋዝ ሲሸት ግን ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም። ለዚህም ነው ለአከራይ ሳይነግሩ ቁልፍ መቀየር አደገኛ የሚሆነው።

ቁልፍ ሰጥቶ መሄድ

ሥራ ካለባችሁ ሁልጊዜ ቤት መገኘት እንደማትችሉ አውቃለሁ። ያኔ ቁልፉን ለጎረቤት ወይም ለጓደኛ ስጡና እሱ ይክፈት፣ እሱ ይዝጋ። ምንጣፍ ሥር አታስቀምጡ። በቁጥር የሚከፈት በር ካላችሁ ለዚያ ቀን ብቻ የሚሠራ ቁጥር ስጡና ማታውኑ ሰርዙት። ሁለት ዓመት የቆየ ቁጥር ስልኬ ውስጥ አግኝቼ አውቃለሁ። ለተከራዩ ነግሬ አስቀየርኩት። ሁሉም ግን አይነግራችሁም።

ራሳችሁ ካሜራ ካላችሁ ደግሞ ንገሩን። ቤታችሁ ነው፣ ቅረጹ። ሰውን ሳያውቅ ድምፁን መቅዳት ግን በአንዳንድ አገር ሕግ መጣስ ነው። ከደበቃችሁት ማስረጃችሁ እናንተኑ መልሶ ሊያስከስሳችሁ ይችላል።

ባለሙያው ሲወጣ አብሮ መርሳት

ለመፈተሽ ስንል እንከፍታለን፣ እናጠፋለን፣ እንነቅላለን። መስኮት ከፍተን ዘግተን መቀርቀሪያውን ሳንመልስ የምንሄድበት ጊዜ አለ። መሬት ላይ ያለ መስኮት ከሆነ ለሌባ ክፍት በር ነው። ስለዚህ ከመሄዳችን በፊት አብራችሁን ቤቱን አንድ ዙር ዙሩ። መስኮቶቹን በእጃችሁ ነክታችሁ እዩ። የኮርኒሱ መውጫ፣ የጓሮ በር፣ የውኃ ማሞቂያው፣ የጭስ ጠቋሚው።

ከሁሉ በላይ ሶኬቶቹን። አንድ የሥራ ባልደረባዬ አደጋ ሲኖር ራሱን የሚያጠፋ ሶኬት ሞከረና መልሶ ማብራቱን ረሳው። ፍሪጁ የተሰካው በዚያው መስመር ላይ ነበር። ተከራዩ ለሥራ ወጥቶ ከሁለት ቀን በኋላ ሲመለስ ፍሪጁ ሞቋል። ምግቡ ይቅር፤ የስኳር ሕመምተኛ ነበርና ያልተከፈተው ኢንሱሊን ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። የሚወጋው አጥቶ ሌሊቱን ድንገተኛ ክፍል አሳለፈ።

ከዚያ ወዲህ እኔ ከቤት ስወጣ ተከራዩን «ፍሪጁን ክፈትልኝ» እላለሁ። ራሴ አልከፍትም። ውስጡ መብራቱ ሲበራ ከበሩ ላይ ሆኜ አያለሁ፤ ከዚያ እሄዳለሁ።