ሾርት ሺፍተር ከገባ በኋላ የሚደነድን ማርሽ (ማዝዳ ኤም ኤክስ-5)

መኪናው የ1990ዎቹ ባለ 5 ማርሽ ኤም ኤክስ-5 ነው። ሾርት ሺፍተሩ (የማርሽ መቀየሪያውን እንቅስቃሴ የሚያሳጥር ዘንግ) ከተገጠመ ወዲህ 1ኛና 2ኛ በግድ ይገባሉ፤ ሞተሩ 3000 ዙር ሲያልፍ ደግሞ ዘንጉ ይንጫጫል።

የካምቢዮ ዘይት ተቀየረ፣ ለውጥ የለም። የፍሪሲዮኑ አየር ወጣ፣ ያው ነው።

ችግሩ የተገኘው ዘንጉ በሚቀመጥበት ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጉድጓዱ የራሱ ዘይት ስላለው የካምቢዮውን መቀየር እሱን አይሞላውም። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል! ሾርት ሺፍተሩ ዘንጉ ለእጅ የሚሰጠውን የማንሻ ኃይል ስለሚቀንስ ድሮ የማይታወቅ ሰበቃ አሁን ቁልጭ ብሎ ይሰማል።

ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጉ። ኮንሶሉንና የጎማ ሽፋኑን አንሱ፣ የዘንጉን 3 ብሎኖች በ10 ቁልፍ ፍቱ። እዚህ ጉድጓዱ ደርቆ፣ ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለችው የናይለን ቡሺንግም (ትንሽ የማቀፊያ ቀለበት) ተሰንጥቃ ነበር። የቀረ ዝቃጭ ካለ በስሪንጅ መጥጣችሁ በማይበጣጠስ ጨርቅ ጥረጉ። አዲስ ቡሺንግ አስገቡ፣ ወደ 90 ሚሊ ሊትር 75ደብሊው-90 የማርሽ ዘይት ሙሉ። የታችኛው የጎማ ሽፋን ከተቀደደ አብሮ ይቀየር፤ አለዚያ ሙቀትና የዘይት ሽታ ወደ ውስጥ ይገባል።

ጩኸቱ ጠፋ፣ 2ኛም በሁለት ጣት ይገባል።