ቻርጀሩ ምን እያለ ነው? የስክሪን ችግርና መፍትሄ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት

የኤሌክትሪክ መኪናውን ቻርጅ ለማድረግ ደብረ ብርሃን የቆመ ሹፌር ስለ ቴክኖሎጂው ብዙ አይጠይቅም። መቼ እነሳለሁ? ጣርማ በርን አልፌ ያሰብኩበት እደርሳለሁ? ከቆመስ ማን አቆመው? ከዚህ በታች ያሉት ቅሬታዎች የሹፌር ናቸው፤ መንስኤውና መፍትሄው ግን የቻርጀሩን ስክሪን ለሚሠራው ሰው ነው።

«ተጠናቋል ይላል፤ ባትሪው ግን 54 ላይ ነው»

መንስኤ፦ ሶፍትዌሩ ለመቆም የሚያውቀው ቃል አንድ ብቻ ነው። ባትሪው ቢሞላም፣ መብራት ቢጠፋም፣ መኪናው አልቀበልም ቢልም «ተጠናቋል» ብሎ ይጽፋል።

መፍትሄ፦ ምክንያቱ እኮ በኬብሉ በኩል ይመጣል። ከቻይና በሚገቡት መኪኖች ላይ ባለው ጂቢ/ቲ (GB/T) በሚባለው የቻይና የቻርጅ ሥርዓት፣ መኪናውም ቻርጀሩም ሲያቆሙ ለምን እንዳቆሙ በየራሳቸው መልእክት ይላላካሉ። ያንን አንብቦ ለየምክንያቱ የተለየ ጽሑፍ ማዘጋጀት ይቻላል፦ «ባትሪው ሞልቷል»፣ «መኪናው አቁሞታል፤ ነቅለው እንደገና ይሰኩ»፣ «መብራት ጠፍቷል፤ እስካሁን 21 ኪሎዋት ሰዓት ገብቷል»። የመጨረሻው የራሱ ጣጣ አለው፤ መብራት ሲጠፋ ስክሪኑም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ለስክሪኑ ብቻ የሚሆን ትንሽ መጠባበቂያ ባትሪ ይግጠሙለት። መብራት ሲመለስም መጀመሪያ የሚታየው «እንኳን ደህና መጡ» ሳይሆን የተቋረጠው ቻርጅና የተከፈለው ሂሳብ ይሁን። ገንዘቤ የት ገባ ብሎ ጨለማ ስክሪን ፊት የሚቆምን ሰው ማሰብ ያሳዝነኛል።

«3፡20 ላይ ያልቃል አለኝ»

መንስኤ፦ ማሽኑ የፈረንጅ ሰዓት ነው የሚቆጥረው። ከሰዓት በኋላ ለቆመ ሹፌር 3፡20 ወይ ያለፈው ጠዋት ነው፣ ወይ የሚመጣው ማታ።

መፍትሄ፦ በትልቁ የቀረውን ደቂቃ ይጻፉ፤ «35 ደቂቃ ቀረው»። ከሥሩ በእኛ አቆጣጠር «ከቀኑ 9፡20» ይግባ። ደግሞም ግምቱ እስከ 80 ፐርሰንት ድረስ ነው ወይስ እስከ 100 የሚለው ይለይ። ከ80 በኋላ ባትሪው የሚቀበለው ኃይል በጣም ስለሚቀንስ የመጨረሻው 20 ፐርሰንት ከጠበቁት በላይ ያስቆማል።

«ትናንት ቀን ፈጥኖ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ተበላሽቷል»

መንስኤ፦ ብዙውን ጊዜ አልተበላሸም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። የቀዘቀዘ የሊቲየም ባትሪ በኃይል ቢሞላ ውስጡ ስለሚጎዳ መኪናው ራሱ «ቀስ በል» ይላል። ሹፌሩ የሚያየው ግን 60 ኪሎዋት ተብሎ የተለጠፈበት ማሽን 18 ሲሰጥ ነው፤ ታዲያ ማሽኑን ቢከስ ምን ይፈረድበታል?

መፍትሄ፦ በፈጣን ቻርጅ ጊዜ መኪናው የሚፈልገውን የኤሌክትሪክ መጠን በየቅጽበቱ ለቻርጀሩ ይነግራል። መኪናው ከጠየቀው በታች እየሰጠ ያለው ቻርጀሩ ከሆነ «ቻርጀሩ በሙሉ ኃይሉ እየሠራ አይደለም» ይበል። የጠየቀውን እየሰጠ ከሆነ «መኪናው ነው ቀስ ያለው» ይበል። ጂቢ/ቲ የባትሪውን ሙቀት ጭምር ስለሚልክ «ባትሪው ቀዝቅዟል» ብሎ መጨመርም ይቻላል። ለእኔ ከዚህ ጽሑፍ ሁሉ ይህ ቀድሞ ቢሠራ ደስ ይለኛል፤ አንድ መስመር ብቻ ነው፣ ግን ሹፌሩን ከማሽኑ ጋር ያስታርቃል።

«200 ኪሎ ሜትር ብሎኝ ዳገቱ ላይ ጉድ ሆንኩ»

መንስኤ፦ ቻርጀሩ የገባውን ኃይል በሜዳ ስሌት አባዝቶ ነው ኪሎ ሜትር የሚናገረው። ከሸዋ ሮቢት በደብረ ሲና በኩል ወደ ጣርማ በር ግን ከ1,500 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ያንን ከፍታ ለመውጣት ብቻ 8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል፤ የጎማውና የነፋሱ ሳይቆጠር። ባትሪው 60 ኪሎዋት ሰዓት ቢሆን ከ13 ፐርሰንት በላይ ማለት ነው። ቁልቁል ለሚወርደው ደግሞ ከፊሉ በፍሬን ወደ ባትሪው ይመለስለታል።

መፍትሄ፦ ኪሎ ሜትሩን ከቻርጀሩ ስክሪን ላይ ያውጡት፤ ፐርሰንትና ኪሎዋት ሰዓት ይበቃል። ሸዋ ሮቢት ላይ ለሚቆም ስክሪን ግን «ወደ ደብረ ብርሃን ዳገት ነው፤ ለዳገቱ ብቻ 20 ፐርሰንት ይያዙ» የሚል ማሳሰቢያ ቢኖር ከማንኛውም ግራፍ ይበልጣል። እግረ መንገድ፦ «ኪሎዋት» ፍጥነቱ ነው፣ «ኪሎዋት ሰዓት» የገባው ልክ ነው፤ ሂሳብ የሚከፈለው በሁለተኛው ስለሆነ አይደባለቁ።

«ፀሐይ ላይ አይታየኝም፣ ብነካውም እምቢ ይላል»

መንስኤ፦ ጥቁር መደብ ላይ ግራጫ ጽሑፍ ቢሮ ውስጥ ያምራል፤ በደጋ ፀሐይ መስታወት ይሆናል። ሲነኩት እምቢ የሚለው ደግሞ የሱፍ ጓንት ስላደረጉ ነው።

መፍትሄ፦ ነጭ ላይ ጥቁር፤ የጽሑፉና የመደቡ የብርሃን ንጽጽር ቢያንስ 7 ለ 1 ይሁን። ፊደላችን በትንሹ ሲጻፍ ሀ እና ህ፣ ለ እና ሉ ስለሚምታቱ ከላቲኑ ከፍ ይበል። ቀይና አረንጓዴ ብቻውን አይበቃም፤ ቃል ይታከልበት። ለመጀመርና ለማቆም እውነተኛ የሚጫኑት ቁልፍ ይኑር።

«ኬብሉን ሰካ አለኝ፤ የቱን?»

መንስኤ፦ ሁለት ኬብል አለ፣ ትእዛዙ ግን አንድ። ደግሞ «ሰካ» ሲል ሴት ሹፌርን ረስቷል።

መፍትሄ፦ «ይሰኩ» ይበል፤ ለሁሉም ይሆናል፣ አክብሮትም አለው። ከጎኑ የሶኬቱ ሥዕል ይግባ፦ ክብ ሆኖ ዘጠኝ ቀዳዳ ያለው ጂቢ/ቲ፣ ከሥሩ ሁለት ትልልቅ ቀዳዳ የተጨመረለት የአውሮፓው ሲሲኤስ2 (CCS2)። ያው ሥዕል ኬብሉ እጀታ ላይም ይለጠፍ።