የወንድ ዘር ፈሳሽ ናሙና እንዴት ይሰጣል? (ከአይቪኤፍ በፊት፤ እንቁላልና ዘር ላብራቶሪ ውስጥ ከሚገናኙበት ሕክምና በፊት)

ልጅ ሲዘገይ ጣት የሚቀሰረው ሚስት ላይ ነው። እኛም ቤት እንደዚያው ነበር። ባለቤቴ ሁለት ዓመት ሐኪም ቤት ስትመላለስ እኔ አንድ ቀን እንኳ አልተመረመርኩም። የወንዱ የመጀመሪያ ምርመራ ግን ናሙና መስጠት ብቻ ነው። ከሱ ጀምሩ።

መጀመሪያ ቀን ቁጠሩ። ዘር ሳይፈስ ከ2 እስከ 7 ቀን መቆየት ያስፈልጋል። «ይጠራቀም» ብሎ ወር መጠበቅ አይጠቅምም፤ የቆየ ዘር እንቅስቃሴው ይደክማል።

ናሙናው የሚቀመጥበትን ዕቃ ከላብራቶሪው ውሰዱ። ተራ ኮንዶም፣ ሳሙና፣ ቅባት፣ ምራቅ ዘሩን ስለሚጎዱ ክልክል ናቸው።

አሁን እኔ የተቃጠልኩበት ቦታ። ክሊኒኩ የሰጠኝ ክፍል ጠባብ ነው፤ ከበሩ ውጭ አንዲት ሴት ስልክ ታወራለች፣ ትስቃለች። አፈርኩና «ከቤት አመጣዋለሁ» አልኩ። ቤት ስደርስ ደግሞ መጀመሪያ የወጣው ከዕቃው ውጭ ፈሰሰ። የቀረው ይበቃል ብዬ ክዳኑን ገጠምኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼው ታክሲ ያዝኩ። የሐምሌ ብርድ ነው፣ መገናኛ ላይ መንገዱ ተዘግቷል። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ውጤቱ ሲመጣ ቁጥሩ ትንሽ፣ የሚንቀሳቀሰውም ከዚያ ያነሰ። ለባለቤቴ ሳልነግራት ሦስት ቀን ዋልኩ።

ሌላ ሐኪም ጋ ስሄድ ወረቀቱን ሳያይ «የፈሰሰ ነበር? በስንት ደቂቃ አደረስከው?» አለኝ። ለካ ብዙው ዘር ያለው መጀመሪያ በሚወጣው ፈሳሽ ውስጥ ነው! እሱ ካመለጣችሁ ሳትደብቁ ተናገሩ፤ ሌላ ቀን ይደገማል። ከቤት ካመጣችሁ በግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ በአንድ ሰዓት አድርሱት፤ እንዳይበርደው ከሸሚዛችሁ ሥር ያዙት። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን እዚያው ክፍል ይሻላል። ሴትዮዋ ትሳቅ።

ውጤቱን ስታነቡ አትደንግጡ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው ዝቅተኛ መለኪያ በሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ዘር፣ 42 በመቶ እንቅስቃሴ፣ 4 በመቶ ጤናማ ቅርጽ ነው። አዎ፣ አራት በመቶ! ከዚያ ያነሰ ሁሉ መካን አይደለም። በአንድ ውጤት ብቻም አይፈረድም፤ አስደግሙት።

ሲደገምም ደካማ ከሆነ ኢክሲ የሚባለው አለ፤ አንድ ዘር ተመርጦ በመርፌ እንቁላሉ ውስጥ ይገባል። ያም ቢሆን የዘሩ ጥራት ለጽንሱ ስለሚያስፈልግ ሲጋራ ይቅር፣ ሳውና ይቅር። ከሁሉ የባሰው ጂም ቤት የሚወጉት ቴስቶስትሮን ነው፤ ጡንቻ ሲያወጣ ዘር ማምረቱን ያቆማል። በሐኪም የታዘዘ ከሆነ ግን ሐኪሙን ሳታማክሩ አታቋርጡ። ዘር ለመሠራት ሁለት ወር ተኩል ገደማ ስለሚፈጅ ከአይቪኤፉ ሦስት ወር ቀድማችሁ ጀምሩ። በቅርቡ ኃይለኛ ትኩሳት ከነበራችሁም ተናገሩ፤ ዘር ይቀንሳል።

ለአይቪኤፉ ከሚስታችሁ እንቁላል በሚወሰድበት ቀን ናሙና እምቢ ሊል ይችላል፤ ጭንቀቱ ቀላል አይደለም። ክሊኒኩ ቀደም ብሎ መጠባበቂያ ናሙና በቅዝቃዜ እንዲያስቀምጥላችሁ ጠይቁ። እኔ አስቀመጥኩ፤ መኖሩን ስለማውቅ ይመስለኛል በዕለቱ ሳልፈልገው ቀረሁ።