ሦስተኛውን ሞኒተር ማዘርቦርዱ ላይ መሰካት

ሥራዬ የሠርግ ቪዲዮ ማቀናበር ነው። ሦስት ሞኒተር አለኝ፤ የቪዲዮ ካርዴ መውጫ ግን ሁለት ብቻ። ሌላ ካርድ አልገዛሁም። ሦስተኛውን ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ባለው የሞኒተር መሰኪያ ሰካሁት።

መጀመሪያ ፕሮሰሰርዎን ይዩ። ኢንቴል ሆኖ ስሙ በ«ኤፍ» ካለቀ፣ ለምሳሌ 12400ኤፍ፣ የራሱ ግራፊክስ (ምስል የሚያወጣ ክፍል) የለውም፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው መሰኪያ ደግሞ የሚሠራው በእሱ ነው። አይድከሙ።

ካለው ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዲሊት ወይም ኤፍ2 ደጋግመው ተጭነው ባዮስ (የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ማስተካከያ ገጽ) ይግቡ። ብዙ ማዘርቦርዶች ካርድ ሲሰካ የውስጡን ግራፊክስ በራሳቸው ያጠፉታል። ሰው «መሰኪያው ተቃጥሏል» ብሎ ጥገና ቤት የሚሮጠው በዚህ ነው! ኤሱስ ላይ «አይጂፒዩ መልቲ ሞኒተር» የሚለውን ያብሩት። ሌሎቹ ስሙን ይለዋውጡታል። ዋናው ማሳያ ግን ካርዱ እንደሆነ ይቆይ። ሴቭ አድርገው ይውጡ።

ዊንዶውስ ሲከፈት የካርዱንም የውስጡ ግራፊክስንም ድራይቨር (ማሠሪያ ሶፍትዌር) ይጫኑ። ገመዱን ይሰኩና የዊንዶውስ ቁልፍን ከፒ ጋር ተጭነው «ኤክስቴንድ»ን ይምረጡ። ከዚያ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ግራፊክስ ገብተው ለማቀናበሪያው ፕሮግራም «ሃይ ፐርፎርማንስ» ይስጡት።

ከባዱን ሥራ ካርዱ ላይ በተሰካው ሞኒተር ይሥሩ። የእኔ ሦስተኛው ቴሌግራምና የፋይል ዝርዝር ብቻ ነው የሚያሳየው። ደግሞ የውስጡ ግራፊክስ ከራም ላይ ይቆርሳል፤ ያለዎት 8 ጊጋ ብቻ ከሆነ ይሰማዎታል።