ድሬዳዋ ሲሞቅ ከመድኃኒት ቤት መስኮት የማያቸው የቆዳ ስህተቶች

ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬ መድኃኒት ቤት መሥራት ማለት ከጠዋት እስከ ማታ የፊት፣ የአንገትና የብብት ጥያቄ መመለስ ነው። ባለባጃጁ፣ ተማሪው፣ ሕፃን ያዘለችው፣ ቀኑን ሙሉ ጀበና ፊት የምትቀመጠው፣ ሁሉም ያው ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። እኔም ያንኑ መልስ እመልሳለሁ። ዘንድሮ ግን ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

ፀሐይን በሙቀት መለካት

አዲስ አበባ ያለችው እህቴ በየዓመቱ «እናንተ ናችሁ የምትቃጠሉት፣ እኛ ጋ እኮ ብርድ ነው» ትለኛለች። ሙቀት ሌላ፣ ቆዳ የሚያጠቁረውና የሚጎዳው ጨረር ሌላ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። ስለዚህ ጃኬት ለብሳ በቀትር ፀሐይ የምትሄደው ልጅ ከእኛዋ ባለጃንጥላ የባሰ ልትመታ ትችላለች። ስስ ደመናም ቢሆን ጨረሩን አያስቀረውም። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ያለውን ፀሐይ ፍሩት፤ ጥላችሁ ከቁመታችሁ ሲያጥር የባሰው ሰዓት ላይ ናችሁ ማለት ነው።

ነጠላም እንደ ጃንጥላ አይቆጠርም። ስሱ ሸማ በብርሃን ላይ ሲዘረጋ ወዲያ ማዶ ያሳያል፤ ብርሃን ካሳለፈ ጨረርም ያሳልፋል። አጥፋችሁ ደርቡት።

«እኛ ጥቁር ነን፣ ምን ያደርገናል»

ያግዛል እንጂ አይበቃም። በጣም ጥቁር ቆዳ በተፈጥሮው ያለው መከላከያ በሰንስክሪን (በፀሐይ መከላከያ ቅባት) ቁጥር ቢለካ 13 አካባቢ ነው ይባላል፤ ቀይ ዳማው ደግሞ ከዚያ ያነሰ ነው። እኛ ዘንድ ፀሐይ ጉዳቱን የሚያሳየው ከመቅላትና ከመላጥ ይልቅ በጥቁረት ነው፦ ማዲያት፣ የብጉር ጠባሳ አልጠፋ ማለት፣ የግንባር መጥቆር። የመኪና የጎን መስታወትም አያድናችሁም። የሚያቃጥለውን ጨረር አብዛኛውን ቢያስቀርም የሚያጠቁረውን በብዛት ያሳልፈዋል። ብዙ ዓመት የነዳ የረጅም መንገድ ሾፌር ስታገኙ የግራ ጉንጩን ከቀኙ ጋር አስተያዩት።

ያቺ ቱቦ

አሁን ወደሚያናድደኝ።

«ዶክተር፣ ያቺን ማዲያት የምታጠፋዋን ስጪኝ።»

«የትኛዋን?»

«ጓደኛዬ የምትቀባትን። ትንሽ ቱቦ ናት፣ በሳምንት ፊቷን አጠራችው።»

አውቃታለሁ። ውስጧ ክሎቤታሶል ነው፣ ወይ ቤታሜታሶን፤ ሁለቱም ስቴሮይድ የሚባሉ፣ የቆዳ መቆጣትን የሚያበርዱ ጠንካራ መድኃኒቶች ናቸው፤ አንዳንዴም ስቴሮይዱ ከፈንገስና ከባክቴሪያ መድኃኒት ጋር የተቀላቀለበት ነው። ክሎቤታሶል ከተራው ሃይድሮኮርቲሶን ወደ 600 እጥፍ ይበረታል። የተሠራው ለወፈረ፣ ለከረረ የቆዳ በሽታ ነው፤ ያውም ሐኪም አይቶ፣ በስሱ፣ ቢበዛ ለሁለት ሳምንት። ለፊት አይደለም። ለአንገትም፣ ለብብትም አይደለም።

በሳምንት ማጥራቷ እውነት ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። ቀለሙን ትጨቁነዋለች፣ ቆዳው ይለሰልሳል፣ ብጉሩ ይከስማል፣ ሰፈር ያደንቃል። ከዚያ ቆዳው ይሳሳል። ጉንጭ ላይ ቀያይ የደም ሥሮች ብቅ ይላሉ፣ አገጭ ላይ ፀጉር ይበቅላል፣ ሁሉም አንድ መጠን ያለው ጥቃቅን ብጉር ይወርዳል። የሳሳ ቆዳ ደግሞ የድሬን ፀሐይ አይችልም። ባለፈው ግንቦት አንዲት ሙሽራ መጣች፤ ለሠርጓ ብላ ወራት ስትቀባ ከርማ «ሥራዋን ጨርሳለች» ብላ በአንድ ቀን አቁማታለች። ሻርፗን ስትገልጥ ፊቷ ከዓይኗ ሥር እስከ አገጯ ቀልቷል፣ አብጧል፤ መስኮቴ ላይ ያለው የማራገቢያ ነፋስ ሲነካት እንኳ ፊቷን አዞረች። ውሃ ራሱ ያቃጥለኛል አለችኝ። የፈለገችው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ያችኑ ቱቦ።

አልሸጥኩላትም፤ ወደ ቆዳ ሐኪም ላክኋት። ሌላ ቦታ ገዝታው ይሆናል።

ስለዚህ ሳጥኑን አንብቡ። ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታሶን፣ ሞሜታሶን፣ ፍሉኦሲኖሎን የሚል ካለበት ስቴሮይድ ነው፤ ያለ ሐኪም ፊታችሁ ላይ አታሳርፉት። ወራት ተቀብታችሁ ከሆነም በገዛ እጃችሁ አታቋርጡ፤ አወራረዱን ሐኪም ያውቀዋል። ሃይድሮኪኖን የሚባለው ቆዳ የሚያቀላ መድኃኒትም እንዲሁ በሐኪም ቁጥጥርና ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ራሱ ሰማያዊ ጥቁረት ያመጣል፣ ያ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። የውስጡ ዝርዝር ያልተጻፈበት፣ በብልቃጥ ተቀላቅሎ የሚሸጥ «የሚያቀላ» ቅባት ከሆነ ሜርኩሪ ሊኖርበት ይችላል። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል።

ማዲያቷን ምን ላድርጋት ላላችሁኝ፦ ማዲያት ከፀሐይ፣ ከእርግዝና፣ ከወሊድ መቆጣጠሪያና ከሙቀት ጋር የተያያዘች ናት። ከሙቀት ስል የምጣድና የከሰል ሙቀትም አለበት፤ ቡና የሚያፈሉና እንጀራ የሚጋግሩ ሴቶች ላይ የምትከርመው ወድዳ አይደለም። መጀመሪያ ሰንስክሪን፣ በተለይ የቆዳ ቀለም ያለው ዓይነት። የሚያቀልመው አይረን ኦክሳይድ የሚታየውን ብርሃንም ስለሚከለክል ለጥቁር ቆዳ ማዲያት ከነጩ ይሻላል። ሌላው መድኃኒት ከዚያ በኋላ ነው። ወራት ይወስዳል፣ አትቸኩሉ።

ሰንስክሪንን እንደ ሽቶ መቆጠብ

ዋጋው ውድ ስለሆነ ጣት ጫፍ ላይ ጠብ አድርጎ ፊት ሙሉ ማዳረስ ለምዷል። ቱቦው ላይ 50 የሚለው የመከላከያ ቁጥር የተለካው በደንብ ሲቀባ ነው፤ እንዲያ ከሳሳ 50 ሆኖ አይሠራም። ለፊትና ለአንገት ሁለት ጣት ሙሉ፣ ከመውጣት ሩብ ሰዓት በፊት፤ ውጭ ከዋላችሁ በየሁለት ሰዓቱ መድገም፤ ላብ ካጠበው ቶሎ። ከሚያቃጥለው ጨረር 30ው 97 በመቶ ያህል፣ 50ው 98 በመቶ ያህል ነው የሚከለክለው፤ ገንዘብ ካጠረ 30ውን ግዙና በደንብ ተቀቡት። ባጃጅ ላይ የከረመውን ጣሉት፣ ሙቀት ያበላሸዋል። ጨርሶ መግዛት ካልተቻለ ሰፊ ባርኔጣ፣ ጃንጥላና እጅጌ ሙሉ ልብስ አለ፤ እነሱን ላብ አያጥባቸውም።

ሎሚና ጤና አዳም

ሎሚ ፊታችሁን አሽታችሁ ፀሐይ አትውጡ። ጤና አዳምም ሽፍታ ላይ አትሹ። ሁለቱም ውስጥ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳ የሚያቃጥል ነገር አለ፤ በማግስቱ ወይ በሠልስቱ ውሃ ይቋጥርና ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ይተዋል። የልጆች ጉንጭ ላይ የጣት አሻራ የመሰለ ጥቁረት አይቼ እናትየውን «ሎሚ ነክተሽ ነበር?» ስላት የምትደነግጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

ዶክሲሳይክሊን ለብጉር ወይ ለወባ መከላከያ የምትወስዱም ተጠንቀቁ፤ ያም ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል።

ቋቁቻን ለምጽ ብሎ መደንገጥ፣ ወይም ንቆ መተው

ደረትና ጀርባ ላይ የሚበተነው ነጣ ያለ ነጠብጣብ አብዛኛውን ጊዜ ቋቁቻ ነው። ቆዳ ላይ ሁሌም ያለ እርሾ መሰል ፈንገስ በላብና በወዝ ይበዛና የቀለም ሥራውን ያደናቅፋል። ሲፍቁት ደቃቅ ቅርፊት ይለቃል፤ ለምጽ ግን ፍጹም ነጭ ነው፣ ሲፍቁትም ቅርፊት የለውም። ቋቁቻ ከቆሻሻ አይመጣም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም፤ ልጁን በበረኪና አታሹት! ኬቶኮናዞል ሻምፖ እርጥብ ገላ ላይ ቀብቶ አምስት ደቂቃ ቆይቶ መታጠብ፣ እንደታዘዘው መድገም። ፈንገሱ ሞቶም ነጩ ቦታ ለመጥቆር ወራት ይፈጃል፤ «አልሠራም» ብላችሁ መድኃኒት የምትለዋውጡት እዚህ ጋ ነው።

ጭርት ላይ ደግሞ ያችን ቱቦ የሚቀባ አለ። ማሳከኩ ይቆማል፣ ክቡ ይደበዝዛል፣ ፈንገሱ ከሥር ተመችቶት ይሰፋል። በወሩ ከአንድ ሳንቲም ወገብ ሙሉ ሆኖ ይመጣል።

ሕፃንን ከነፋስ ለማዳን ማፈን

ከልቤ የማዝንላቸው ለእነዚህ እናቶች ነው፤ ጥፋቱም የእነሱ ሳይሆን የመካሪው ሰፈር ነው። ውጭ 36 ዲግሪ፣ ልጁ ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ሁለት ፎጣ፤ መስኮቱ «ነፋስ እንዳይመታው» ተዘግቷል። አንገቱ እጥፋት ውስጥ የሽፍታ ፍርፋሪ ሞልቷል፤ ያ የላብ ሽፍታ ነው። በላዩ ቫዝሊን ሲለሰን የላቡ መውጫ ጭራሽ ይዘጋል፣ ፓውደር ሲነሰነስ ከላቡ ጋር ይጋገራል፣ ልጁም ወደ ሳንባው ይስበዋል። ልብሱን አቅልሉለት፣ ለብ ባለ ውሃ እጠቡት፣ እጥፋቱን አድርቁ፣ አየር ይግባ። በጥቂት ቀን ይለቀዋል። መግል ከያዘ ወይ ካተኮሰው ጤና ጣቢያ። ከስድስት ወር በታች ላለ ልጅ ሰንስክሪን አይቀባም፣ ጥላ ነው መድኃኒቱ።

ምች የመታውን አፍ ሕፃን መሳም

ከንፈር ላይ ውሃ ቋጥሮ የሚወጣው ምች የሄርፒስ ቫይረስ ነው። እናቶቻችን «ፀሐይ ነው ያመጣው» ሲሉ አልተሳሳቱም፤ ፀሐይ የተኛውን ቫይረስ ይቀሰቅሰዋል። ዳማከሴውን ማሽተት እንደ ወጋችሁ፤ ግን ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪድን ሕፃን አትሳሙ፣ ለጨቅላ ለሕይወቱ ያሰጋል። የቫይረሱ መድኃኒት አሲክሎቪር የሚጠቅመው ከንፈር ነዘር ነዘር ሲል ወዲያው ከተጀመረ ነው፤ ከቆሰለ በኋላ ስትመጡ ብዙ አይረዳም። ስቴሮይድ ቅባት በፍጹም።

ቀሪዎቹን በአጭሩ

ፊትን በልብስ ሳሙና አትታጠቡ። ፀሐይ ያቃጠለው ቆዳ ላይ የጥርስ ሳሙና አትቀቡ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ያፍስሱበት። ቅባት ከገላ መታጠብ በኋላ ቆዳው ሳይደርቅ ነው የሚቀባው፤ ደረቅ ቆዳ ላይ ቫዝሊን ብትከምሩ የሚያሽገው ድርቀቱን ነው። ውሃ ጠጡ፣ ግን ውሃ በመጠጣት ብቻ የተሰነጠቀ ተረከዝ አይድንም።

አልቢኒዝም (በተፈጥሮ የቆዳ ቀለም ማጣት) ላለባቸው ይህ ሁሉ ምክር ሳይሆን ግዴታ ነው፤ ለእነሱ ፀሐይ በወጣትነት የቆዳ ካንሰር ታመጣለች። ከንፈርና ጆሮ ላይ የማይድን ቁስል ካያችሁባቸው ቅባት አትፈልጉላቸው፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰዷቸው።

ሌሎቻችንም የእግራችንን መዳፍና ጥፍራችንን እንይ። አደገኛው የቆዳ ካንሰር በጥቁር ሰው ላይ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ በማያየው በዚያ ቦታ ነው፤ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ነጥብ ወይም ከጥፍር ሥር የወጣ አዲስ ጥቁር መስመር ካለ የእኔን መስኮት አልፋችሁ በቀጥታ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ።