ቦታው ሲሞላ «አይቻልም» በሉ

የውሻና የድመት መጠለያ ለመክፈት ያሰቡ ሰዎች ሲያማክሩኝ አስቀድመው የሚያነሱት የምግብን ነገር ነው። ምግቡ ይደረስበታል። መጀመሪያ መወሰን ያለበት ስንት ውሻና ድመት መያዝ እንደምትችሉ ነው፤ ይህንንም በግቢው ስፋት አትለኩት። አንድ እንስሳ ለማጽዳትና ለመመገብ ብቻ በቀን ቢያንስ 15 ደቂቃ ይፈልጋል። 20 እንስሳ ካላችሁ 5 የሥራ ሰዓት ሄደ ማለት ነው፤ መድኃኒት መስጠቱ፣ ማንሸራሸሩ፣ ሐኪም ዘንድ መመላለሱና የስልኩ ጋጋታ ገና አልተቆጠረም። በዚህ ሂሳብ የወጣውን ቁጥር ጽፋችሁ በሩ ላይ ለጥፉት። በምሽት ቡችላ በካርቶን ይዞ የሚያንኳኳ ሰው ፊት ቆሞ እምቢ ማለት ከባድ ነው፤ የተጻፈ ቁጥር ግን አይለመንም። ሰውየውንም ባዶ እጁን አትሸኙት። ምግብ ስጡት፣ ክትባቱን ቻሉለት፣ ቦታ እስኪገኝ ድረስ ቡችላው እሱ ዘንድ እንዲቆይ ተስማሙ። ብዙ ሰው እንስሳውን ጥሎ የሚሄደው ጨካኝ ሆኖ ሳይሆን የሚያግዘው ስላጣ ነው።

ቀጥሎ ለይቶ ማቆያው ይመጣል። አዲስ የገባ እንስሳ ጤናማ ቢመስልም ቢያንስ 14 ቀን ከነባሮቹ ይለይ። «ጅራቱን እየቆላ ምን ሆነና ነው የሚዘጋበት?» የሚሉኝ አሉ። የፓርቮ ቫይረስ ምልክቱ ሳይታይ በዓይነ ምድር መውጣት ይጀምራል፤ ቡችሎችን በትውከትና ደም በቀላቀለ ተቅማጥ በጥቂት ቀናት ይፈጃል፤ አፈር ውስጥ ደግሞ ለወራት ይቆያል። ድመቶችም የዚሁ ቫይረስ የቅርብ ዘመድ የሚያመጣው የራሳቸው በሽታ አላቸው። ማቆያው የራሱ ሳህን፣ መጥረጊያ፣ ጓንትና ቦት ጫማ ይኑረው። ዕቃውን በቀለም ለዩት፤ ቀዩ ባልዲ ከዚያ ክፍል ከወጣ ማንም ከሩቅ ያየዋል። ክትባቱ ግን 14 ቀን አይጠብቅም፤ እንስሳው በገባበት ዕለት ይሰጥ። ለቡችሎች ቢያንስ 16 ሳምንት እስኪሞላቸው ድረስ በሐኪሙ ቀጠሮ ይደጋገማል።

የጽዳቱ ቅደም ተከተል አይቀየርም፦ መጀመሪያ ቡችሎችና የድመት ግልገሎች፣ ከዚያ ጤነኞቹ ትልልቆች፣ ከዚያ ማቆያው፣ መጨረሻ ላይ ሕመምተኞቹ። ወደ ኋላ መመለስ የለም። በረኪና ቆሻሻ ላይ ሲያርፍ ኃይሉን ያጣል፤ ሽንት ካገኘ ደግሞ ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ ዓይነ ምድሩን አንሱ፣ ወለሉን በሳሙና እጠቡና በደንብ አለቅልቁ። ከዚያ አንድ እጅ የቤት በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጡና ወለሉን አርሱት፤ 10 ደቂቃ ሳይደርቅ ይቆይ። ሰው የሚሰርቀው ይህችን 10 ደቂቃ ነው። እኔ በግምት አላምንም፤ ግድግዳው ላይ ሰዓት ሰቅያለሁ። ከዚያ አለቅልቃችሁ አድርቁና እንስሳውን መልሱ። ድመቶች ባሉበት ፊኖል ያለበት ማጽጃ አይግባ፤ መዳፋቸውን ሲልሱ ይመርዛቸዋል። ለውሻ ቁንጫ የሚሸጥ ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒትም ድመትን ሊገድል ይችላል፤ ለሰው ራስ ምታት የሚሆነው ፓራሲታሞልም እንደዚሁ።

አጥንቱ የወጣ ውሻ ሲመጣ ሳህን ሙሉ ምግብ ማቅረብ ደግነት ይመስላል። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት ብዙ ምግብ በአንድ ጊዜ ሲያገኝ በደሙ ውስጥ ያሉት ማዕድናት ይዛባሉ፤ ልቡም ሊቆም ይችላል። ጥቂት ጥቂቱን በቀን አራት አምስት ጊዜ ስጡት፤ መጠኑን ሐኪም እያየው ቀስ በቀስ ጨምሩ።

ድመቶችን ውሻ ከማይታይበትና ጩኸቱ ከማይሰማበት ቦታ አድርጉ። አዲስ የመጣች ድመት የምትፈልገው መደባበስ ሳይሆን መደበቂያ ነው። ካርቶን በጎኑ አጋድሙ፣ አፉን ወደ ግድግዳው መለስ አድርጉ፣ ውስጡ ጨርቅ አንጥፉ፣ ምግቧን ከመጸዳጃ ሳጥኗ አርቁና ተዋት። ጠዋት የምታዩት ድመቷን ሳይሆን ሳህኑን ነው። ለቀናት ያልበላች ድመት ጉበቷ ስብ እየሞላ ይታመማል፤ ስለዚህ ሁለት ቀን ምግብ ካልነካች «ዓይን አፋር ናት» ማለቱን ትታችሁ ሐኪም ጥሩ። የመጸዳጃ ሳጥኑ በየቀኑ ይጽዳ፤ ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ግን አትንካው።

በእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ የለም። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። እንስሳ የሚነኩ ሠራተኞች ሁሉ አስቀድመው ይከተቡ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብና፣ የተከተበም ቢሆን፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። የነከሰው ውሻ ጤናማ ከመሰለ ለ10 ቀን ለብቻው ተዘግቶ ይታያል፤ በንዴት አትግደሉት።

ማምከንን ለነገ አትበሉ። ድመት በአራት ወሯ ልታረግዝ ትችላለች፤ እያጠባችም ታረግዛለች። እስኪመክኑ ድረስ ወንድና ሴት አብረው አይደሩ።

ገንዘቡን በተመለከተ፦ የመጠለያው ሂሳብ ከኪሳችሁ የተለየ ይሁን፣ ደረሰኝ አይጣል።

እንስሳ ሊወስድ የመጣ ሰው «በጣም እወዳቸዋለሁ» ሲለኝ ደስ ይለኛል፤ ጥያቄዬን ግን አልተውም። ቀን ቀን ማን ቤት ይውላል? ስትታመሙ ማን ይመግበዋል? ቤት ብትቀይሩስ? ካልተስማማቸው እንስሳው ወደ እኛ እንጂ ወደ መንገድ እንደማይመለስ ይፈርሙልኛል፤ ለዚህም ስል አንድ ክፍል ሁልጊዜ ባዶ አቆያለሁ። ከሳምንት በኋላ ስደውል «እንዴት ነው?» ብል ሁሉም «ደህና ነው» ይላል። ስለዚህ የት እንደሚያድርና ትናንት ምን እንደበላ እጠይቃለሁ። መልሱ ከተንተባተበ በማግስቱ ቤታቸው እሄዳለሁ።