ብቻዎን ወደ ጁገል፦ ለጸሐፊ የአምስት ቀን ጉዞ

ለጽሑፍ የሚወጣ ሰው ብቻውን ቢሄድ የሚሻለው ጸጥታ ፍለጋ አይደለም። ጓደኛ ይዘው ከሄዱ ያዩትን ሁሉ እዚያው ያወሩለታል፤ ማታ ደብተር ሲከፍቱ ነገሩ ወሬ ሆኖ አልቋል። ብቻዎን ከሆኑ ግን የሚያወራዎት ሌላ ሰው ነው። «ምነው፣ ብቻህን ነህ እንዴ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ በር ይከፍታል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሐረርን እንመርጥለታለን፤ ስለ ልኳ። በግንብ የታቀፈው አሮጌው ከተማ፣ ጁገል፣ ስፋቱ ግማሽ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በግማሽ ቀን ዞረው ይወጡታል፤ በአምስት ቀን ግን አይጨርሱትም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የታነጸው ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር እና ፈላና በር። አንዱን በር የራስዎ ያድርጉት። በየቀኑ በዚያው ገብተው በዚያው ቢወጡ በሦስተኛው ቀን ሻጮቹ ሰላምታ ይሰጡዎታል፤ ሥራው የሚጀምረው ያኔ ነው።

ከመነሣትዎ በፊት

ጥያቄ ይዘው ይሂዱ፣ ጠባብ ጥያቄ። «ስለ ሐረር ልጽፍ ነው» ብሎ የመጣ ሰው ስለ ጅብ ጽፎ ይመለሳል። «ገበያ ላይ ማን ለማን በምን ቋንቋ ይናገራል?» የሚል ጥያቄ ግን አምስት ቀን ሙሉ ያሠራል። አንዲት ሻጭ ከጎረቤቷ ጋር በሐረሪዎች ቋንቋ፣ በጌይ ሲናን፣ እያወጋች፣ ከገጠር ለመጣው ገዢ በኦሮምኛ ዋጋ ነግራ፣ ወደ እርስዎ ስትዞር አማርኛ ትናገራለች። ቋንቋ የቀየረችበትን ቅጽበት መያዝ ከቻሉ ለአንድ ትዕይንት የሚበቃ አግኝተዋል።

ኪስ የሚገባ ደብተር ሁለት፣ እስክሪብቶ ሦስት፣ መታወቂያ፣ ፓወር ባንክ። ገንዘብ ሁለት ቦታ ይክፈሉ፤ ዝርዝር ብር ይብዛ። ሹራብ አይርሱ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ስትሆን ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች፤ ድሬ ላይ ያላበው ሰው ሐረር ማታ ይበርደዋል።

መንገዱ ሰላም መሆኑን በሚሄዱበት ሳምንት እዚያ ከሚኖር ሰው ይጠይቁ። እስከ ድሬዳዋ ባቡር ከመረጡ መነሻው አዲስ አበባ፣ ለቡ ነው፤ የሚሄድበት ቀንና ሰዓት ስለሚቀያየር ትኬቱን አስቀድመው ይያዙ፤ ምግብም ከቤት ይዘው ይውጡ። ከድሬዳዋ ሐረር በሚኒባስ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ሳይመሽ መድረስ ለሁሉም ይበጃል፣ በተለይ ብቻዋን ለምትጓዝ ሴት።

ማደሪያ ከግንቡ ውስጥ፣ ቤተሰብ ከሚኖርበት የሐረሪ ቤት ቢሆን ይመረጣል። መጸዳጃው የጋራ ሊሆን ስለሚችል አስቀድመው ይጠይቁ፤ የክፍሉ በር ከውስጥ መቆለፉንም ይዩ። ሲገቡ ዝም ብለው አይቀመጡ። መደቡ፣ ነደባ የሚባለው፣ ደረጃ አለው፤ አሚር ነደባ የአባወራው ነው። የት እንደሚያስቀምጡዎት ይጠብቁ፤ ከዚያ ማን የት እንደተቀመጠ ይመዝግቡ። ማን ማንን እንደሚያከብር አንድም ቃል ሳይነገር ይነበባል።

የቀኑ አካሄድ

ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ይራመዱ። ካርታ አያስፈልግም፤ ቢጠፉም ግንቡ ይመልስዎታል። ያንኑ መንገድ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ይሂዱበት። ለምሳሌ ከመሃሉ አደባባይ፣ ከፈረስ መጋላ፣ የሚወርደው «መኪና ግርግር» በስፌት መኪና ድምፅ የተሰየመ የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው። ጠዋት የሚሰሙት ሌላ፣ ማሽኖቹ ሲዘጉ የሚሰሙት ሌላ ነው።

ደብተሩን በሁለት ይክፈሉት። በግራ ገጽ ያዩትንና የሰሙትን ብቻ፣ በቀኝ ገጽ ያሰቡትን። ሁለቱን የቀላቀለ ሰው ከወር በኋላ ሲያነበው የሴትዮዋ ሻርፕ በእርግጥ ብርቱካንማ ይሁን ወይስ እሱ ያሳመረው መለየት ያቅተዋል። በቀን ቢያንስ ሦስት ንግግር ቃል በቃል ይያዙ፣ ከነስብራቱ።

ሰው ፊት ግን ደብተር አያውጡ። በአገራችን ዳር ተቀምጦ የሚጽፍ ብቸኛ እንግዳ ወይ ጋዜጠኛ ነው ወይ ሌላ ነገር ነው፤ ወሬው ወዲያው ይቆማል። ሰምተው ይነሡ፣ ጥግ ይዘው ይጻፉ። ከሃያ ደቂቃ በላይ ከዘገዩ የሰውየው አነጋገር ጠፍቶ የራስዎ ይተካበታል። ድምፅ መቅዳትም ሆነ ፎቶ ማንሣት ሳያስፈቅዱ አይሆንም፤ ኬላና ወታደር ያለበት ቦታ ደግሞ ካሜራውን ጭራሽ ይርሱት።

ከቀትር በኋላ ከተማው ይቀዘቅዛል፤ የበርጫ ሰዓት ነው። ክፍልዎ ገብተው የጠዋቱን በንጹሕ አንድ ገጽ ያድርጉት። በርጫ ከተጋበዙ ወሬው ይጣፍጣል፣ ሄደው ይስሙ። ጫቱን ሳይቅሙ መቀመጥም ነውር የለውም፤ ከቃሙ ግን በምርቃና የጻፉትን በማግስቱ ቁርስ ሳይበሉ አያንብቡት። ብዙው ይሰረዛል።

ሁሉም የሚገባበት ጉድጓድ

ጅብ የማብላቱ ትርኢት ማታ 1 ሰዓት ገደማ ከግንቡ ውጭ ይታያል። ይዩት፤ ነገር ግን ተጽፎ ተጽፎ ያለቀ ትዕይንት ነው። ይልቅ ጅቦች በሌሊት እንዲገቡበት በግንቡ ሥር የተተዉትን ቀዳዳዎች፣ ወራባ ኑዱል የሚባሉትን፣ ይፈልጉና በአጠገቡ የሚኖር ሰው ሌሊት ምን እንደሚሰማ ይጠይቁ።

ሁለተኛው ጉድጓድ ራምቦ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ ሐረር የገባው በ1880 እ.ኤ.አ. ሲሆን ቅኔን ቀድሞ ትቷል፤ ከዚህ የላከው በአብዛኛው የንግድና የቤተሰብ ደብዳቤ ነው። በስሙ የሚጎበኘው ውብ ቤትም እሱ የኖረበት ስለመሆኑ ማስረጃ የለም። ቤቱን መጎብኘት ጥሩ ነው፣ መንፈሱን መፈለግ ግን ጊዜ ማባከን።

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ማታ ብቸኝነቱ ይከብዳል፤ እጅ ወደ ስልክ ይሄዳል። ቤተሰብ ደኅንነትዎን እንዲያውቅ በቀን አንድ ጊዜ፣ በተወሰነ ሰዓት ይደውሉ፤ ያዩትን ግን አይተርኩ። ትረካው ስልኩ ላይ ካለቀ ለደብተሩ አይተርፍም።

ሲመለሱ

በሦስት ቀን ውስጥ የግራውን ገጽ ይገልብጡ። ምሕጻረ ቃል ብለው የጻፉት ከሳምንት በኋላ ለራስዎም አይነበብም። ያገኟቸውን ሰዎች ስም፣ ሥራና ሰፈር ይለውጡ፤ ጁገል ውስጥ ሁሉም ይተዋወቃል፣ ስም ብቻ መቀየር አይሸሽግም። የጎደለ ነገር ማጋጠሙ አይቀርም፦ የበሩ ቀለም፣ ግድግዳው ላይ ስንት ሙዳይ እንደተሰቀለ። ለዚህ ነው የአከራይዋን ስልክ ቁጥር መያዝ የሚያስፈልገው። ደውለው ይጠይቋት፤ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ግን አይሞክሩ።